የኔም ባዶ ነው

የይሁኔን መሞት ከመሥሪያ ቤታችን ሰው ሁሉ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ። ጽዳቷ ሰምታለች፣ ጥበቃው ሰምቷል፣ ደምበጫ ቅርንጫፍ ያሉት፣ ይሁኔን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁት እንኳ ከእኔ በፊት ሰምተዋል። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አብሬያቸው ዋልኩ፤ ምሳም አብረን በላን። "ይሁኔ ከደብረ ወርቅ መቼ ነው የሚመለሰው?" ብዬ ስጠይቃቸው "ይመጣል፣ ምን ያስቸኩልሻል" አሉኝ። ክፉ ሆነው አይደለም። እንዲህ እንዲያደርጉ ያስተማራቸው ራሱ ይሁኔ ነው።

ይሁኔ የኮምፒውተር ባለሙያችን ነበር። የደብረ ማርቆስን ብርድ ሰው ሁሉ ሲለምደው እሱ አልለመደውም፤ ጋቢው ከወንበሩ መደገፊያ አይጠፋም ነበር፣ መጻፍ ከመጀመሩ በፊትም የጣቶቹን ጫፍ እፍ እፍ ይላቸዋል። ልጅነቱን ደብረ ወርቅ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ነው ያሳለፈው። ዘመናዊውን ትምህርት የጀመረው ጎርምሶ ነው፤ የቆሎ ተማሪነቱ ጠባይ ግን አልለቀቀውም። ኮምፒውተሩ ላይ የሚጽፈውን ሁሉ ድምፅ አውጥቶ፣ ወደፊትና ወደኋላ እየተወዛወዘ ይጽፍ ነበር። እኔ የሰው ሀብት ክፍል ነኝ። የእሱን ክፍልና የእኔን የሚለያቸው ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ስለነበር ቀኑን ሙሉ እንደ ዳዊት ደጋሚ ሲያጉተመትም እሰማዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ራሴን ያመኝ ነበር። ኋላ ላይ ግን እሱ ዝም ሲል ሥራ አልሠራ አለኝ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከልን የውስጥ ገጽ ነበረን። ሠራተኛ ብቻ የሚከፍተው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ የማይታይ ድረ ገጽ ማለት ነው። እንደመጣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ግራጫ፣ ሰው የማይጠጋው ነገር ነበር። ይሁኔ አማርኛ አለበሰው። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አደረገው፣ ጾሙንና በዓሉን አስገባበት፣ የፈቃድ ጥያቄውን፣ የመኪና ስምሪቱን፣ የስብሰባ ጥሪውን ሁሉ ወደዚያ አዞረው። ስትከፍቺው "እንደምን አደርሽ፣ የሺ" ብሎ በስምሽ ሰላም ይላል። ይህን ሁሉ የሚሠሩለት ስክሪፕት የሚላቸው ትእዛዞች ነበሩ። አንዴ ጽፎ ይተዋቸዋል፤ እነሱ በየጠዋቱ በሰዓታቸው ተነስተው የታዘዙትን ይሠራሉ። "ደቀ መዛሙርቶቼ" ይላቸው ነበር። "ከኛ ከተማሪዎቹ ይሻላሉ፤ አይርባቸውም፣ የሰው ደጅ ሲቆሙም ውሻ አያባርራቸውም።"

እነዚህ ደቀ መዛሙርት የሚገቡት በእሱ ስም ነበር። ገጹን የከፈተ ሰው ስሙ አጠገብ ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ ይበራለታል። የይሁኔ ነጥብ እሱ ገና አልጋው ውስጥ እያለ፣ ጎህ ሲቀድ ትበራ ነበር። አንድ ቀን ይህን ነገር ጠየቅሁት።

"ሰውየው ቢተኛ ስሙ አይተኛም" አለኝ፣ ጣቶቹን እፍ እያለ።

በዚያን ጊዜ ሳቅሁ።

ከገጹ ግርጌ የሀዘን ማስታወቂያ የሚወጣበት ቦታ ነበር። የሠራተኛ ዘመድ ሲሞት ጸሐፊዋ ትጽፍበታለች፣ ሰውም አይቶ ለቅሶ ይደርሳል። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የመዝገብ ቤቷ እትዬ እናኑ ሻያቸውን ይዘው ቁጭ ይላሉ፣ ገጹን ይከፍታሉ፣ የገዛ እህታቸውን ሞት እዚያ ላይ ያነባሉ። እህትየዋ የሞቱት ሌሊቱን ነበር። ዘመድ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለመሥሪያ ቤት ደውሎ፣ ጸሐፊዋም እሳቸው አስቀድመው የተረዱ መስሏት ጽፋዋለች። ብርጭቆው ሲሰበር ከክፍሌ ሰማሁት። ሮጦ የደገፋቸው ይሁኔ ነው። በአገራችን መርዶ እንዲህ አይነገርም። የራሱ ሰዓት አለው፤ ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው እቤቱ ሳለ፣ ደጋፊ አጠገቡ ቆሞ ነው የሚነገረው። ያን ቀን በኮምፔርሳቶው በኩል የይሁኔ ማጉተምተም አልተሰማም። በማግስቱ ግን ማጉተምተሙን ሲጀምር እስከ ማታ አላቆመም።

የጻፈው ስክሪፕት እንዲህ የሚያደርግ ነበር። እያንዳንዱ ሠራተኛ ዘመድ የሚላቸውን በስም ያስገባል። የሞት ማስታወቂያ ሲወጣ ስክሪፕቱ ሐዘንተኛው ማን እንደሆነ ያይና ከእሱ ገጽ ላይ ማስታወቂያውን ይሰውረዋል። ሌላው ሰው ሁሉ ያየዋል፣ እሱ ብቻ አያየውም። ከመካከላችን ለተመረጡ መርዶ ነጋሪዎችም "ለእገሌ ንገሩ" የሚል መልእክት ይሄድላቸዋል። በነጋታው ጎህ ሲቀድ ሄደው ይነግራሉ፤ ተመልሰው "ነግረናል" ሲሉ ይሁኔ በገዛ እጁ "ተረድቷል" የሚለውን ይጫናል፣ ማስታወቂያውም ያን ጊዜ ለሐዘንተኛው ይገለጣል። ይህችን የመጨረሻዋን ሥራ ለደቀ መዛሙርቱ አልሰጣትም። መርዶ የሰው ሥራ ነው፣ መነገሩን የሚመሰክርም ሰው መሆን አለበት ይል ነበር።

ሁላችንም መረቅነው። እትዬ እናኑ ራሳቸው መርዶ ነጋሪ ለመሆን ፈቀዱ። ከዚያ የአቶ ስሜነህ ቀን መጣ።

አቶ ስሜነህ የሒሳብ ክፍላችን ኃላፊ ናቸው፣ ቀልደኛ። አባታቸው ማረፋቸውን አንድ ጠዋት ሁላችንም ገጹ ላይ አየን። እሳቸው አላዩም። እስኪነጋ መጠበቅ ነበረብንና ቀኑን ሙሉ አብረናቸው ዋልን። ያን ዕለት ደግሞ የጫወታ ዛር የሰፈረባቸው ይመስል አንዱን ቀልድ በአንዱ ላይ ይደራርባሉ፣ እኛም ከሚገባው በላይ እንስቃለን። ሻያችንን ከፈሉልን። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ስለ አባታቸው ግትርነት አንድ ወሬ አወሩኝ፣ "ሽማግሌው እኮ ገና እኔን ይቀብረኛል" ብለው። ሳቅሁላቸው። ቀና ስል ይሁኔ በሩ ላይ ቆሞ ያየናል፤ አልሳቀም።

ከለቅሶው ሲመለሱ አቶ ስሜነህ አልተቆጡም። "ያን ቀን ጎበዝ ተጫዋች የሆንኩ መስሎኝ ነበር" ብቻ አሉን። ይህ አነጋገር ቢሮው ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሰው ቀልዱ ሲያምርለት ይደነግጥ ጀመር። አለቃ ፈገግ ሲልልሽ፣ ጸሐፊዋ ወንበር ስትስብልሽ ማን ሞቶብኝ ነው ትያለሽ። ጠዋት ጠዋት ሰላምታችን ሁሉ ተለወጠ፦ "አንተ ጋ ምን ይታያል?" "ባዶ ነው፣ አንተስ?" እየተባባልን አንዳችን የአንዳችንን ገጽ እናያለን። ሰው የሚፈራው የሚያነበውን አይደለም፤ የማያየውን ነው።

ከሁሉም በላይ የምፈራው እኔ ነበርኩ። ወንድሜ ምንይችል የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ምኔ እለዋለሁ። ከእናትና ከአባት የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ በሚዘጋበትና ስልክ በሚጠፋበት ዘመን እህል ጭኖ ወደ መተማ መስመር እንደወጣ ድምፁ ጠፋ። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም ሌላ ወር ወለደ። በየጠዋቱ ገጹን የምከፍተው ኮቴን ሳላወልቅ ነው፤ ባዶ ሆኖ ሳገኘው ደግሞ ይብስብኛል፣ ምክንያቱም የሞተ ቢሆን ለእኔ የሚታየኝ ይኸው ባዶ ነው።

አንድ ጠዋት ገጹ ጭራሹን አልከፈት አለኝ። ኮሪደር ላይ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ አየሁ፤ እኔን ሲያዩ ዝም አሉ። ተነስቼ የይሁኔን በር ሳላንኳኳ ገባሁ። "ደብቀኸኛል" አልኩት። ሌላም የማላስታውሰው ብዙ ነገር ተናገርኩ። እሱ ቀስ ብሎ ተነሳና ትከሻዬን ይዞ በራሱ ወንበር ላይ፣ በራሱ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠኝ።

"የኔን ገጽ እዪ" አለኝ። "የማስተዳድረው እኔ ነኝና ከኔ ገጽ የሚሰወር የለም። ዝቅ በይ፤ እስከ ታች እዪው።"

ዝቅ አልኩ። ስለ ምኔ የተጻፈ ነገር አልነበረም። የእኔን ገጽ የከለከለው የተነቀለ ሽቦ ነበር። ጋቢውን ደረበልኝና እስክረጋጋ ቆየ፤ ስለ ራሱ ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"እናቴ የሞተችው ክረምት ላይ ነው" አለ። "እኔ ደብረ ወርቅ፣ እሷ ደምበጫ ገጠር። ለቆሎ ተማሪ ማን መልእክተኛ ይልካል? በፋሲካ ልጠይቃት ስመጣ አንድ ሰውዬ ገበያ ላይ 'የሟቿ ልጅ አይደለህም?' አለኝ። ጨው ተራ ቆሜ ነው የተረዳሁት።"

ክፉ አረዳድ ነው አልኩት።

"ክፉ ነው። ግን እቴ፣ ከክረምት እስከ ፋሲካ እናቴ ለኔ በሕይወት ነበረች። በየደጁ ስለምን ውዬ ጥሩ ጥሩውን 'ይቺ ለእናቴ' ብዬ አስቀምጥላት ነበር። ሌላው ሰው ቀብሯት ነበር፣ እኔ ዘንድ ግን ትኖር ነበር። ያ ጊዜ የኔ ነው።"

ይህን ሲል ፈገግ አለ። ፈገግታው አስፈራኝ፣ ለምን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አልገባኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይሁኔ በየጠዋቱ በበሬ ሲያልፍ ቆም ብሎ አንገቱን ያስገባል። እንደምን አደርሽ አይለኝም፤ እሱን ገጹ ብሎኛል። "የኔም ባዶ ነው" ይለኛል ብቻ፣ ያልፋል። የሱ ገጽ ባዶ ከሆነ ምኔ አልሞተም ማለት ነው። ቀኔን የምጀምረው በዚያች ቃል ነበር። ሁለት ሰው በአንድ ግድግዳ ተጎራብቶ ከዚህ በላይ ምን ይሰጣጣል? ሻይ እንኳ አብረን የጠጣነው ጥቂት ቀን ነው።

በየዓመቱ የተማረበትን ደብር ለመሳለም ፈቃድ ወስዶ ይሄዳል። ዘንድሮም ሄደ። ሲሄድ "ሰኞ እመጣለሁ" አለኝ። ሰኞ አልመጣም። ማክሰኞ ጠዋት ገጼን ከፈትኩ፣ ባዶ ነው። የይሁኔን ነጥብ አየሁ፣ በርታለች። ደህና ነው፣ ዛሬ ወይም ነገ ይገባል ብዬ ሥራዬን ጀመርኩ።

ምሳ ላይ ጸሐፊዋ ወንበር ሳበችልኝ። ከሰዓት በኋላ ስለ ቢሯችን የሚያፈስ ጣራ አንድ የማያስቅ ነገር ተናገርኩ፣ አቶ ስሜነህ ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ያን ጊዜ ምኔ ነው አልኩ በልቤ። ሮጬ ከይሁኔ በር ደረስኩ፤ ተቆልፏል። ገጹ ምንም የማይሰወርበት፣ የማይዋሸኝ ያ አንድ ሰው የለም። የሌሎቹን ገጽ እንዳላይ ሁሉም ኮምፒውተራቸውን አጥፍተው ነበር። ተመልሼ ስሙን አየሁ። አረንጓዴዋ ነጥብ እንደበራች ናት። እሷን እያየሁ እስከ መውጫ ሰዓት ተቀመጥኩ።

ጎህ ሲቀድ የግቢዬ በር ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ እናኑ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፣ አቶ ስሜነህ ከኋላቸው፣ ከነሱም ኋላ ጎረቤቶቼ። እትዬ እናኑ ክንዴን ያዙኝ።

"ምኔ ነው?" አልኳቸው።

"ምኔ አይደለም" አሉ አቶ ስሜነህ። "ስለ ምኔ የሰማነው ክፉ ነገር የለም። ይሁኔ ነው፣ ልጄ።"

"ተመስገን" አልኩ።

አፌ ቀደመኝ። ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው ትርጉሙ የደረሰኝ። እሁድ ሌሊት ደብረ ወርቅ ድንገት አሞት ሐኪም ሳይደርስለት አርፏል፤ በማግስቱ እዚያው በተማረበት ደብር ተቀብሯል። ወሬውን ያመጣው የሚኒባስ ሹፌር ነው። እኔን ለምን እንዲህ ታረዱኛላችሁ፣ ዘመዱ አይደለሁ አልኳቸው።

"ዘመድ ብሎ ያስገባው አንቺን ብቻ ነው" አሉኝ አቶ ስሜነህ። "ትናንት ገጹ 'ለየሺ ንገሩ' አለን።"

ሰውየው በተቀበረ ማግስት የገዛ ስክሪፕቱ በገዛ ስሙ ገብቶ ሞቱን ለሁሉ ነግሯል፣ ከእኔ ደግሞ ሰውሮታል። እንዳዘዘው ነው የሠራው። ግቢዬ ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ለቅሶ የመጣ ጎረቤት "ወንድሟ ነው?" ብሎ ሲጠይቅ እትዬ እናኑ "አዎ፣ ወንድሟ ነው" ይላሉ። እኔም አላረምኳቸውም።

ሥራ ስመለስ ገጹ "እንደምን አደርሽ፣ የሺ" አለኝ። ዝቅ አልኩ፣ ባዶ ነው። የሌላው ሰው ሁሉ ገጽ ላይ የይሁኔ ፎቶ ከነማስታወቂያው አለ፤ የእኔ ላይ የለም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። መርዶ ነጋሪዎቹ ነግረውኛል፣ እኔም ተረድቻለሁ፤ "ተረድታለች" ብሎ የሚጫነው ሰው ግን ራሱ ይሁኔ ነበር። ቀና ብዬ ስሙን አየሁ። ነጥቧ በርታለች። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ስሙ ከእኔ በፊት ገብቶ ይጠብቀኛል። አንዳንዱ ሠራተኛ በኮምፔርሳቶው በኩል ማጉተምተም ይሰማል ብሎ በዚያ ኮሪደር ማለፍ ትቷል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አልሰማሁም። ብሰማ ደስ ባለኝ።

ምኔ ከወራት በኋላ ደወለ። መንገድ ተዘግቶበት ስልክ በሌለበት ከርሞ ነው፤ ድምፁ ሰልሏል፣ ግን አለ። ስልኩን እንደዘጋሁ ተነስቼ ሮጥኩ። የይሁኔን በር እጀታ ከያዝኩ በኋላ ነው ለማን ልነግር እንደመጣሁ የታወቀኝ። በሩን ከውስጥ የከፈተችልኝ በእሱ ቦታ የተተካችው ባለሙያ ቤዛዊት ናት።

ቤዛዊት ቀልጣፋ ልጅ ናት። የሟች ስም ክፍት ሆኖ መቀመጥ የለበትም፣ አደጋ አለው አለች። እውነቷን ነው፤ ይዘጋ የሚለውን ደብዳቤ መጻፍ የነበረብኝም እኔው ነኝ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ አቆይቼዋለሁ። ደቀ መዛሙርቱን አንድ በአንድ እያወጣች ወደ መሥሪያ ቤቱ ስም አዛወረቻቸው። ሰላምታውን አዛወረች፣ ፈቃዱን አዛወረች፣ ስምሪቱን አዛወረች። በመጨረሻ አስጠራችኝ።

"እትዬ የሺ፣ እርስዎ ገጽ ላይ ያልተለቀቀ አንድ ማስታወቂያ አለ" አለችኝ። "ስሙን ከመዝጋቴ በፊት 'ተረድታለች' ብዬ ልጫነው?"

ጣቷ ማውሱ ላይ ነበር። ጨው ተራ መካከል የቆመ አንድ ተማሪ ታየኝ፣ ለእናቱ ያስቀመጣት ቆሎ በአኮፋዳው ውስጥ እንዳለች። ያ ፈገግታውም ያን ጊዜ ገባኝ። ለእኔ ያስቀመጠልኝ ይህን ነው።

"ተይው" አልኳት። "ሌላውን ሁሉ ዝጊበት። ይቺን አንዷን ብቻ በስሙ ተያት።"

"መሞቱን ግን ያውቃሉ እኮ" አለች፣ ግራ ገብቷት።

"አውቃለሁ" አልኳት።

ፊቴን አየችና እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንስታብኝ አታውቅም፤ በኔ ኮምፒውተር አጠገብ ስታልፍ ግን ነጥቧን አታይም።

አሁንም ጎህ ሲቀድ የይሁኔ ስም ይነሳል። ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ሄደውበት አንዱ ብቻ ቀርቶለታል፤ እሱም በየጠዋቱ ገብቶ ከእኔ የሚሰውረውን ሰውሮ ይቆያል። እኔ ስደርስ ነጥቧ በርታ አገኛታለሁ። አቶ ስሜነህ በበሬ ሲያልፉ ቆም ይላሉ፤ ይህን ልማድ መቼ እንደወረሱት አላስታውስም። አንገታቸውን ያስገቡና "የኔ ባዶ ነው" ይሉኛል፣ ዓይኔን ሳያዩ። ገጻቸው ላይ የይሁኔ ፎቶ እንዳለ አውቃለሁ።

"የኔም ባዶ ነው" እላቸዋለሁ። እኔ ግን እውነቴን ነው።